ጠባቂ ለሌለው ሰርቨር ፍጥነት መመዘኛ አይሆንም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሰርቨር አመራረጥ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ፕሮሰሰሮችን በፍጥነታቸው፣ ሚሞሪን በመጠኑ፣ ዲስክን በአቅሙ እያወዳደሩ ለገዢው መረጃ ለማቅረብ ያደረጉት ጥረት የሚመሰገን ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ሰርቨሩ ባለሙያ በሚውልበት ሕንፃ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሲቆምም ወዲያውኑ ደርሶ የሚያስነሳው ሰው እንደማይጠፋ አድርጎ የገመተ ይመስላል። ብዙ ሰርቨሮች ግን ይህ ዕድል የላቸውም። በተቆለፈ ክፍል፣ በመጋዘን ጥግ፣ በማሰራጫ ማማ ሥር፣ በአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ወይም ከዋናው መሥሪያ ቤት በራቀ ቅርንጫፍ ውስጥ ተቀምጠው የሰው እጅ ሳይነካቸው ወራት መሥራት ይጠበቅባቸዋል። ሥራዬ እንደነዚህ ያሉ ማሽኖችን መምረጥና ከሩቅ መከታተል በመሆኑ፣ በጽሑፉ ያልተነሱ ጉዳዮችን ለአንባቢ ለማካፈል ይህን ደብዳቤ ልኬአለሁ።

ሰው በአጠገቡ ለማይኖር ሰርቨር ዕቃ የሚመርጥ ሰው በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «ምን ያህል ይፈጥናል?» ብሎ ሳይሆን «በሌሊት ቢቆም ማን ያስነሳዋል?» ብሎ ነው። «ራሱ ይነሣል» ወይም «ከሩቅ ሆነን እናስነሳዋለን» የሚል መልስ ካልተገኘ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ለዚያ ቦታ የሚሆን አይደለም። ከዚህም ሌላ እነዚህ ሰርቨሮች የሚሠሩት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ የመለኪያ መሣሪያ ንባብ መመዝገብ፣ ፋይል ማጋራት፣ የካሜራ ምስል ማስቀመጥ ወይም የቅርንጫፉን መረጃ ወደ ማዕከል ማስተላለፍ ለመካከለኛ ፕሮሰሰር እንኳ ሸክም አይሆንም። ፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ ሥራ ፈትቶ በሚውልበት ማሽን ላይ ገንዘቡን ሁሉ ለፍጥነት አውጥቶ የኤሌክትሪኩን፣ የሚሞሪውንና የማቀዝቀዣውን ነገር ችላ ማለት «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚያሰኝ ነው።

ብዙውን ጊዜ ችግር የሚነሣው ከኤሌክትሪክ በመሆኑ ከእርሱ ልጀምር። በብዙ ማዘርቦርዶች (የማሽኑ ክፍሎች በሚገጣጠሙባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ በሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ተቋርጦ ሲመለስ ማሽኑ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ የሚጠይቅ ቅንብር አለ። ምርጫዎቹ በአብዛኛው ሦስት ናቸው፤ ጠፍቶ ይቆይ፣ ይነሣ፣ ወይም ከመቋረጡ በፊት ወደነበረበት ሁኔታ ይመለስ። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር ተብለው የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ከፋብሪካ ሲወጡ የመጀመሪያው ላይ ተስተካክለው ስለሚመጡ፣ ማንም ካልነካቸው መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ሰው እስኪደርስለት ድረስ ጠፍቶ ይቀራል። ሦስተኛው ምርጫ አስተዋይ ቢመስልም ወጥመድ አለው። መብራት ሲሄድ ለጊዜው ከባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው መሣሪያ፣ ማለትም ዩፒኤሱ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲዘጋ ካዘዘው፣ ከመቋረጡ በፊት የነበረው ሁኔታ «ጠፍቷል» የሚል ስለሚሆን ማሽኑ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ጠፍቶ መቆየቱን እንደ ትክክለኛ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሰው ለማይኖርበት ቦታ የሚሆነው ሁለተኛው፣ ማለትም ምንጊዜም እንዲነሣ የሚያዘው ምርጫ ብቻ ነው፤ ይህን ቅንብር የማይሰጥ ማዘርቦርድም ሌላው ነገሩ የቱንም ያህል ቢያምር መገዛት የለበትም።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ሰርቨሩ በዩፒኤሱ ትእዛዝ በመዘጋት ላይ ሳለ መብራት በድንገት ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ማሽኑ መዘጋቱን ይጨርሳል፤ ዩፒኤሱ ግን ኤሌክትሪክ ስላገኘ መስጠቱን አላቋረጠም። ከማሽኑ አንፃር ሲታይ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ የተመለሰበት ቅጽበት ስለሌለ «ሲመለስ ተነሣ» የሚለው ቅንብር የሚሠራበት አጋጣሚ አይፈጠርም፤ መብራት ሞልቶ ሰርቨሩ ጠፍቶ ይቀመጣል። መፍትሔው መዘጋት አንዴ ከተጀመረ በኋላ መብራት ቢመጣም ባይመጣም ወደ ሰርቨሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለጥቂት ሰከንዶች ቆርጦ መልሶ የሚሰጥ ዩፒኤስ መግዛትና፣ ዩፒኤሱንና ሰርቨሩን በዩኤስቢ ወይም በኔትወርክ ገመድ አገናኝቶ ይህንኑ የሚያዝ ሶፍትዌር መጫን ነው። ነፃ የሆነው «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» ይህን በሚገባ ይሠራል። ባትሪው በተወሰነ መጠን ሳይሞላ ሰርቨሩን መልሶ እንዳያስነሳ ማዘዝ ቢቻል ደግሞ ይመረጣል፤ አለበለዚያ ከደቂቃዎች በኋላ የሚመጣ ሁለተኛ መቋረጥ ባዶ ባትሪ ላይ ይደርስና ሰርቨሩ በሥርዓት ለመዘጋት እንኳ ጊዜ አያገኝም።

የዩፒኤስ ባትሪ ጊዜው ሲደርስ የሚያልቅ ዕቃ መሆኑን ብዙ ገዢዎች ይዘነጋሉ። በተለመዱት ዩፒኤሶች ውስጥ ያለው የታሸገ የሊድ አሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ጣሪያው በሚግል ትንሽ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ዩፒኤስ ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪው የደከመ ጌጥ ሊሆን ይችላል፤ የፊት መብራቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ራሱን በየጊዜው የሚፈትን፣ የፈተናውንም ውጤት ከሩቅ የሚያሳውቅ ዩፒኤስ መምረጥ ያስፈልጋል። ርካሾቹ ዩፒኤሶች ወደ ባትሪ ለመዞር ጥቂት ሚሊሰከንዶች የሚፈጅባቸው መሆኑም ልብ ይባል። ደህና ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለማሽኑ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዕቃ፣ በሙሉ ጭነት እንኳ ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ያለ ኤሌክትሪክ ስለሚቆይ ልዩነቱ አይሰማውም፤ ያረጀ ወይም ደካማ ፓወር ሰፕላይ ግን በዚያች ቅጽበት ይወድቅና ዩፒኤስ እያለ ሰርቨሩ ይጠፋል።

ስለ ፓወር ሰፕላይ ካነሣሁ በውስጡ ያሉትን ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያከማቹትን ትንንሽ ዕቃዎች፣ ማለፍ አልችልም። በኤሌክትሮላይት ፈሳሽ የሚሠሩት ካፓሲተሮች ዕድሜያቸው በሙቀት የሚወሰን ነው፤ በተለምዶ በሚሠራበት ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው በእጥፍ ይጨምራል። በ105 ዲግሪ ለ2,000 ሰዓት ይቆያል የተባለ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ሲሠራ 32,000 ሰዓት፣ ማለትም ያለማቋረጥ ለሚበራ ማሽን ከሦስት ዓመት ተኩል ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። በዚያው ሙቀት 5,000 ሰዓት የተባለለት ግን ከ9 ዓመት በላይ ይዘልቃል። ሁለቱ ፓወር ሰፕላዮች ከውጭ ሲታዩ ላይለያዩ ይችላሉ፤ የዋጋቸው ልዩነት የተደበቀው ግን እዚያ ውስጥ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ እስከ 2000ዎቹ አጋማሽ ገደማ ድረስ (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ በርካታ ማዘርቦርዶች፣ ጥራት የጎደላቸው ካፓሲተሮቻቸው እያበጡና ፈሳሽ እያንጠባጠቡ መበላሸታቸውን በሙያው የቆዩ ሰዎች ያስታውሳሉ። ሰው ለማይኖርበት ቦታ ሁሉም ካፓሲተሮቹ ጠጣር የሆኑ ማዘርቦርድ መምረጥ፣ ፓወር ሰፕላዩም ከሚፈለገው በላይ አቅም ኖሮት በግማሽ ጭነት ገደማ እንዲሠራ ማድረግ ብልህነት ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰርቨር መግዛትም ጥሩ ነው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ከሰኩ ግን ጥቅሙ በግማሽ ይቀንሳል።

ሌላው ደግሞ ከሁሉ ትንሹ ዕቃ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ የባዮስን ቅንብርና ሰዓትን የምትጠብቅ፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች። ማሽኑ ኤሌክትሪክ ላይ እስካለ ድረስ ባትሪዋ ብትደክምም ማንም አያውቅም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ቅንብሩ ተሰርዞ ማሽኑ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል፤ ከዚያም ቅንብሩ መጥፋቱን የሚገልጽና ለመቀጠል ኤፍ 1 የሚለውን ቁልፍ እንዲጫኑ የሚጠይቅ መልእክት አሳይቶ ይቆማል። ኪቦርድም ሞኒተርም በሌለበት ክፍል ውስጥ ያን ቁልፍ የሚጫን ሰው የለም። ከሩቅ ያለው ባለሙያ የሚያየው የማይመልስ ሰርቨር ብቻ ነው፤ ዲስኩ ይሁን ኔትወርኩ ወይስ ፕሮሰሰሩ የተበላሸው በማለት ሲጨነቅ ቆይቶ መለዋወጫ ጭኖ ይሄዳል፤ ሲደርስ የሚያገኘው በጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። ማሽኑ በሆነ መንገድ ቢነሣም እንኳ ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ስለሚመለስ የደኅንነት ሰርተፍኬቶች ሁሉ «ገና አልጸኑም» ተብለው ይቆጠራሉ፤ በሰርተፍኬት የሚሠራ የርቀት ግንኙነትም ይዘጋል። ስለዚህ ስህተት ቢገጥመውም ቁልፍ ሳይጠብቅ እንዲቀጥል ሊታዘዝ የሚችል ባዮስ ያለው ማዘርቦርድ መምረጥ፣ ባትሪዋንም ሰው ለሌላ ጉዳይ ወደ ቦታው በሄደ ቁጥር ሳይጠይቁ መቀየር ይገባል። በዋጋ ከማሽኑ ሁሉ ትንሿ ዕቃ ስለሆነች የሚቆጠብባት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ሚሞሪ ስመጣ፣ በጽሑፋችሁ የተነሣው መጠኑ ብቻ ነው። ሰው ለማይጠብቀው ሰርቨር ግን ከመጠኑ በፊት የሚመጣው ስህተትን የሚያርም፣ በተለምዶ ኢሲሲ የሚባለው ሚሞሪ መሆኑ ነው። ይህ ሚሞሪ አብዛኛውን ጊዜ ለእያንዳንዱ 64 ቢት መረጃ 8 ተጨማሪ የማረጋገጫ ቢቶችን ይይዛል፤ በእነርሱም አማካይነት ከመካከላቸው አንድ ቢት ቢገለበጥ ያርማል፣ ሁለት ቢገለበጡ ደግሞ ያውቃል። የቢት መገለበጥ አልፎ አልፎ የሚከሰት ተአምር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ጉግል ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በራሱ ሰርቨሮች ላይ አካሂዶ በ2009 ያወጣውን ጥናት ቢመለከት ይጠቅመዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከማሽኖቹ ሲሶ ያህሉ፣ ከሚሞሪ ካርዶቹም ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ሊታረም የሚችል ስህተት አሳይተዋል። ኢሲሲ በሌለው ማሽን እነዚህ ስህተቶች ሳይታወቁ ያልፋሉ። ከዚህ ሁሉ መልካሙ ሰርቨሩ መቆሙ ነው ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል፤ የከፋው ግን ሳይቆም የተሳሳተ ቁጥር እየመዘገበ መቀጠሉ፣ ያንኑም ስህተት ወደ መጠባበቂያ ቅጂው ማስተላለፉ ነው።

በግዢ ጊዜ ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር አለ። ኢሲሲ ሚሞሪ የሚቀበል ማዘርቦርድ ሁሉ የማረም ሥራውን ይሠራል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ሚሞሪውን ተቀብሎ እንደ ተራ ሚሞሪ ይጠቀምበታል፤ በሌላው ደግሞ ማዘርቦርዱ ቢችልም ፕሮሰሰሩ አይችልም። ሻጩ «ይደግፋል» ብሎ ሲመልስ «ያርማል ወይስ ይቀበላል?» ብሎ መጠየቅ፣ ዕቃው ከመጣ በኋላም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የታረሙ ስህተቶችን ቆጥሮ ማሳየት መቻሉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ይህ ቆጠራ ራሱ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በአንድ የሚሞሪ ካርድ ላይ የታረሙ ስህተቶች መበራከት ከጀመሩ፣ ካርዱ ፈጽሞ ሳይበላሽ በሚቀጥለው ጉዞ መቀየር ይቻላል።

ዲስክን በተመለከተ ጸሐፊው የጠቀሱት «የ1,000,000 ሰዓት አማካይ ዕድሜ» ማብራሪያ ያስፈልገዋል። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ስለሆነ ቁጥሩ ከ114 ዓመት ይበልጣል፤ ማንም ዲስክ ግን ይህን ያህል አይኖርም። ቁጥሩ በብዙ ዲስኮች መካከል በዓመት ምን ያህሉ ይበላሻሉ የሚለውን የሚገምት ሲሆን፣ በዚህ ስሌት ከመቶ አንድ የማይሞሉት ብቻ መበላሸት ነበረባቸው። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ100,000 ያህል ዲስኮች ላይ ተደርጎ በ2007 የቀረበ ጥናት ግን በዓመት የሚቀየሩት በተለምዶ ከመቶ ከ2 እስከ 4፣ በአንዳንድ ቦታም እስከ 13 እንደሚደርሱ አሳይቷል። በዚያው ዓመት ጉግል ያወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ዲስኩ ስለራሱ ጤንነት ከሚሰጣቸው አራት ዋና ዋና የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም ሳያሳዩ መሞታቸውን ገልጿል። ማስጠንቀቂያውን መከታተል ተገቢ ቢሆንም ዝምታውን ግን የጤንነት ማረጋገጫ አድርጎ መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ዲስክ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ መሥራት አለበት።

ሁለቱ ዲስኮች ከአንድ ካርቶን የወጡ መንታዎች ባይሆኑ ግን ይመረጣል። በኅዳር 2019 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኤችፒኢ የተባለው ኩባንያ፣ በሰርቨሮቹ ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ የኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ሞዴሎች በፊርምዌራቸው፣ ማለትም በውስጣቸው በተጫነው መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር፣ ጉድለት የተነሣ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ዕድሜያቸው፣ ፈጽመው እንደሚሞቱና በውስጣቸው ያለው መረጃም እንደማይመለስ አስታወቀ። በማግሥቱ ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ በሌሎች ሞዴሎች 40,000 ሰዓት ላይ የሚከሰት ተመሳሳይ ጉድለት ተገለጸ። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ሰርቨር ውስጥ በአንድ ሰዓት የተነሡ ዲስኮች ሰዓታቸው የሚሞላው አብረው ነው፤ አንዱ ሲሞት ይተካዋል የተባለው መንታውም በዚያው ጊዜ አካባቢ ይሞታል። ከሁለት አምራቾች አንድ አንድ መግዛት፣ ካልሆነም ከተለያየ የምርት ጊዜ መምረጥ ይህን አደጋ ይቀንሰዋል። ፊርምዌርን ማደስም የግዢው አካል ተደርጎ ይቆጠር እንጂ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ አይሁን።

ኤስኤስዲ ሲገዛ ኤሌክትሪክ በድንገት ሲቋረጥ በጉዞ ላይ ያለውን መረጃ ጽፎ ለመጨረስ የሚያስችሉ ካፓሲተሮች ያሉትን መምረጥ ይገባል፤ ይህን የሚያሟሉት በአብዛኛው ለሰርቨር ተብለው የተሠሩት ናቸው። በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ደግሞ የማይነበብ ቦታ ሲገጥመው በ7 ሰከንድ ገደማ ተስፋ ቆርጦ ስህተቱን የሚያሳውቅ ዓይነት ያስፈልጋል፤ ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የተሠራው ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊታገል ስለሚችል ዲስኮቹን አንዱን የሌላው ግልባጭ አድርጎ የሚያጣምረው ሥርዓት፣ ማለትም ሬይዱ፣ እንደሞተ ቆጥሮ ያስወጣዋል። እንደ ራስበሪ ፓይ ባሉ ትንንሽ ቦርዶች የሚጠቀሙ ሰዎች መብዛታቸው ደስ ያሰኛል፤ በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ያለማቋረጥ እየጻፉ መተው ግን መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ካርዱን ለብልሽት ማጋለጥ ነው። ካርዱን ለንባብ ብቻ አድርጎ የሚጻፈውን ወደ ኤስኤስዲ ማዞር ይሻላል።

በሙቀትና በፋን ላይ ብዙ አልቆይም። ፋን በማሽኑ ውስጥ ሳያቋርጥ የሚሽከረከር ዕቃ ስለሆነ ቀድሞ ከሚያልቁት አንዱ ነው፤ አቧራም የሚያስገባው እርሱ ነው። ሥራው ቀላል ከሆነ ፋን የሌለው፣ አካሉ ራሱ ሙቀት የሚያስወጣ ማሽን ይመረጣል፤ ፋን ግድ ከሆነ ኳስ ኩሽኔታ ያለው፣ ፍጥነቱንም የሚያሳውቅ ይሁን። ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ያው ፋን የሚያወጣው ሙቀት እንደሚቀንስ፣ ብዙ ሃርድ ዲስኮችም ከ3,000 ሜትር ብዙም ለማይበልጥ ከፍታ ብቻ ዋስትና እንደሚሰጣቸው መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ ማይክሮሶፍት በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች አጠገብ ያደረገውን ሙከራ ብጠቅስ ከጉዳዩ አልወጣም። ኩባንያው 864 ሰርቨሮችን የያዘ፣ በናይትሮጅን የተሞላና የታሸገ ትልቅ በርሜል በ2018 ወደ 35 ሜትር ጥልቀት አስገብቶ በ2020 አወጣው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ሰው ሊነካቸው ባይችልም፣ የተበላሹት በምድር ላይ ካሉት ጋር ሲነጻጸሩ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነበሩ። ተመራማሪዎቹ በምክንያትነት የጠረጠሩት ናይትሮጅን እንደ ኦክስጅን ዕቃ የማያዝግ መሆኑንና፣ ሰርቨሮቹን የሚገፋና የሚያንቀሳቅስ ሰው አለመኖሩን ነው። ሰው አለመኖሩ ሁልጊዜ ጉዳት ነው የሚለውን ግምት ይህ በመጠኑ ያርማል፤ ዕቃው በደንብ ተመርጦ በደንብ ከታሸገ የሰው እጅ አለመድረሱ ሊጠቅመውም ይችላል።

የሰው እጅን የሚተካው ደግሞ በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ኢንቴል፣ ዴል፣ ኤችፒና ኤንኢሲ በ1998 አይፒኤምአይ የተባለውን የጋራ ደንብ ካወጡ ወዲህ ብዙ የሰርቨር ማዘርቦርዶች ይህን ይዘው ይመጣሉ፤ ዋናው ማሽን ጠፍቶ ሳለም በኔትወርክ ገብቶ ማብራት፣ ማጥፋት፣ ሙቀቱንና የፋኑን ፍጥነት ማንበብ ያስችላል። ከላይ የጠቀስኩት የኤፍ 1 መልእክትም በዚህ መንገድ ከሩቅ ይታያል፤ ቁልፉም ከሩቅ ይጫናል። ሁለት ነገር ግን ይጣራ። አንዳንድ አምራቾች ስክሪኑን ከሩቅ ማየትን የሚፈቅዱት ተጨማሪ ፈቃድ ለገዛ ብቻ ነው፤ ይህን ከግዢ በኋላ ማወቅ ያናድዳል። ከዚህ የሚከብደው ግን በዚህ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ በርካታ የደኅንነት ቀዳዳዎች መገኘታቸው ነው፤ አይፒኤምአይ 2.0 ገና ያልገባ ሰው ጠይቆ የይለፍ ቃሉን ሃሽ (ከቃሉ በስሌት የወጣውን አሻራ) እንዲወስድ ይፈቅዳል። ስለዚህ ለብቻው በተለየ ኔትወርክ ውስጥ፣ በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መተላለፊያ) ጀርባ ይቀመጥ እንጂ ፈጽሞ በቀጥታ ወደ ኢንተርኔት አይውጣ።

ይህን መግዛት የማይቻል ከሆነ ቢያንስ ዋችዶግ የሚባለው የሃርድዌር ሰዓት ቆጣሪ ይኑር። ሶፍትዌሩ በየተወሰነ ጊዜ ቆጣሪውን ካልመለሰው ማሽኑን በግድ ሪስታርት ያደርገዋል፤ ሰርቨሩ ሃንግ ቢያደርግ ከደቂቃዎች በኋላ ራሱ ይነሣል። ራስበሪ ፓይን ጨምሮ በብዙ ርካሽ ማሽኖች ላይ ይህ ቆጣሪ ያለ ሲሆን፣ የሚያስነሳው ሰው በመጥፋቱ ብቻ ተኝቶ ይኖራል። ቆጣሪውን የሚመልሰው ሰርቨሩ የተቀመጠለት አገልግሎት በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ፈትሾ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ አለዚያ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እስትንፋሱ እስካለ ድረስ ዋናው ሥራ ቢሞትም ቆጣሪው ዝም ይላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ጥሩ የተባለ ምርጫ ሊከሽፍ ይችላል። ኢንቴል አቶም ሲ2000 የተባለው የፕሮሰሰር ቤተሰብ ኤሌክትሪክ የሚቆጥብ፣ ኢሲሲ የሚያርም፣ ያለ ፋንም ሊሠራ የሚችል ስለነበር ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። በ2017 ግን በውስጡ የሚገኝ አንድ የሰዓት ምልክት ማውጫ በጊዜ ብዛት እየደከመ ማሽኑን ዳግም እንዳይነሣ አድርጎ እንደሚገድለው ታወቀ፤ ሲስኮም ይህ ጉድለት ያለባቸው ዕቃዎቹ ከ18 ወር አገልግሎት ገደማ በኋላ መበላሸት ሊጀምሩ እንደሚችሉ ለደንበኞቹ አሳወቀ። እንዲህ ያለውን ነገር በግዢ ቀን የሚያውቅ ገዢ የለም። እኔ ከዚህ የተነሣ ገና ገበያ የወጣ ሞዴልን ለሩቅ ቦታ አልመርጥም፤ ሌሎች ዓመትና ሁለት ዓመት የተጠቀሙበትን እመርጣለሁ። በአንድ ውድ ሰርቨር ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ሰርቨሮች ተገዝተው አንዱ በቦታው ተጠባባቂ ሆኖ ቢቀመጥ፣ በአንዱ ውስጥ ከሚደረደር መለዋወጫ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅም ይመስለኛል። በዚህ የማይስማሙ የሙያ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሁለት ማሽን ማለት ሁለት እጥፍ ጥገና ነው የሚለው መከራከሪያቸውም ባለሙያ በቅርብ ላለበት ቦታ እውነት ነው።

ዕቃው ተመርጦ ከመጣ በኋላ ወደ ቦታው ከመላኩ በፊት ቢያንስ ለጥቂት ቀናት በሙሉ ጭነት ይፈተን፤ ደካማ የሆነ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ራሱን ያጋልጣል። ሚሞሪው ሌሊቱን ሙሉ በመፈተሻ ሶፍትዌር ይመርመር። ከዚያም ሰርቨሩ በሥራ ላይ ሳለ ገመዱ ከግድግዳ ይነቀል። ዩፒኤሱ እስኪጨርስ ይጠበቅ፤ ይመለስ፤ እንደገና ይነቀል፤ በመዘጋት ላይ ሳለም ይመለስ። ኪቦርዱና ሞኒተሩ ተነቅለው፣ ከሁለቱ ዲስኮችም አንዱ ወጥቶ ይሞከር። በእነዚህ ሁኔታዎች ሁሉ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ በኔትወርክ ካልመለሰ ከክፍሉ መውጣት የለበትም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ወደፊት የሰርቨር ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ስታወጡ ከፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ከዲስኩ አቅም አጠገብ አራት ተጨማሪ ዓምዶች እንዲገቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ራሱ ይነሣል ወይ፣ ሚሞሪው ስህተትን ያርማል ወይ፣ ጠፍቶ ሳለ ከሩቅ ይደረስበታል ወይ፣ መለዋወጫው ለስንት ዓመት ይገኛል። የመጨረሻውን አምራቾች በቀላሉ አይመልሱትም፤ ጋዜጣ ሲጠይቃቸው ግን አንድ ግለሰብ ገዢ ከሚያገኘው የተሻለ መልስ የሚሰጡ ይመስለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ የሆነ የሰርቨር ባለሙያ